ስለ ተሰናባቾቹ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች መልክና ጠባይ

የዓመቱ ትምህርት ሊፈጸም ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት በየተማሪ ቤቱ የሚታይ አንድ ልማድ አለ። ይኸውም የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከመለያየታቸው በፊት አንዱ የሌላውን መልክ ማውጣቱ ነው። መልክ ስንል ፎቶግራፉን ብቻ ማለታችን አይደለም፤ ከፎቶግራፉ ሥር የሚጻፈውን ቅጽል ስም፣ በመሰናበቻውም ቀን በጓደኞች ፊት የሚነበበውን የቀልድ ቃል ጭምር ነው እንጂ። ቀድሞ ይህ ሁሉ አውቶግራፍ በሚባለው ደብተር ላይ በእጅ ይጻፍ ነበር፤ ዛሬ ግን መጽሔት የሚያሳትሙ አሉ፤ በስልክ የሚለዋወጡትም ብዙዎች ናቸው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ በተማሪ ቤት ግን ስም የሚያወጣው ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ተማሪ ነው።

ስለዚህ ዛሬ በየተማሪ ቤቱ የማይጠፉትን ታዋቂ ተሰናባቾች አንድ ባንድ ለውድ አንባቢዎቻችን ለማስተዋወቅ አሰብን። ስማቸውን አንጠራም፤ ባንጠራውም ግን እናቶቻቸው ያውቋቸዋል።

መጀመሪያ የምናነሣው አርፋጁን ነው። ይህ ልጅ ከ9ኛ ክፍል እስከ 12ኛ ክፍል አራት ዓመት ሲማር ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል አይቶ አያውቅም፤ ተሰቅሎ ግን ሁልጊዜ ያየዋል። ያረፈደበትን ምክንያት ሲጠየቅ አንድ ቀን ዝናም ነው፣ አንድ ቀን የታክሲ ሰልፍ ነው፣ አንድ ቀን የአያቱ ቀብር ነው። አያቱ በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ የሞቱ ሲሆን እስከ ዛሬ ድረስ ጠዋት ጠዋት ተነሥ እያሉ የሚቀሰቅሱት እርሳቸው ናቸው። ዳሩ ግን የዚህ ልጅ ማርፈድ ለተማሪ ቤቱ ጥቅም አልሰጠም አይባልም። ለቅጣት ወረቀትና ላስቲክ ከግቢው ሲለቅም ስለኖረ፣ እርሱ ከተሰናበተ በኋላ የግቢው ንጽሕና እንዴት እንደሚሆን አስተማሪዎቹን ሳያሳስባቸው አልቀረም። ከዘበኛውም ጋራ ዘመድ ሆነዋል። በር ላይ ቆሞ ሲለምን የዘበኛውን ልጆች ጤና አንድ ባንድ የሚጠይቅ ከእርሱ በቀር ሌላ ተማሪ የለም።

ሁለተኛዋ የክፍሉ ሞኒተር ናት። አስተማሪው በወጣ ጊዜ ብጣሽ ወረቀት ይዛ ከሰሌዳው አጠገብ ትቆማለች፤ የለፈለፈውንም ሁሉ ትመዘግባለች። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረት በእርሷ ዘንድ አልሠራም፤ ስማቸውን እንድትፋቅላቸው አንዳንዶች በእረፍት ሰዓት ፓስቲ ገዝተው ቢያቀርቡላት፣ የፓስቲውን አምጪ ስም ሁለት ጊዜ ጽፋ ለአስተማሪው ሰጠች ይባላል። የገዛ ጓደኛዋንም ስም ጽፋ ያን ቀን ብቻዋን ወደ ቤቷ ሄደች። ነገር ግን የአንዱ ተማሪ አባት ባረፉ ጊዜ ከየደብተሩ መካከል ሳንቲም ለቅማ፣ ክፍሉን ሁሉ በሰልፍ ወደ ልቅሶ ቤት የወሰደች እርሷ ናት። ምሳ ሳይዝ የሚመጣው ማን እንደሆነም ታውቃለች፤ ያን ስም ግን በወረቀት ላይ ጽፋው አታውቅም።

ሦስተኛው ቀለሜው ነው። የዚህ ልጅ ታዋቂነት እንደ ክረምት ወንዝ ነው፤ ወራቱን ጠብቆ ይሞላል፣ ወራቱ ሲያልፍ ይጎድላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰላምታ የሚሰጠው የለም፤ ፈተና በደረሰ ጊዜ ግን ጤናውን የሚጠይቀው፣ ቦርሳውን የሚሸከምለት፣ አጠገቡ ለመቀመጥ የሚጋፋው ብዙ ነው። ሦስት ተማሪ በሚይዘው ወንበር ላይ አምስት ሆነው ሲጣበቁ እርሱ የሚጽፈው በአንድ እጁ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው እጁ በወረቀቱ ዙሪያ አጥር ሆኖ ቀርቷል። አጤሬራ ጽፈው በእጅጌያቸው የሚደብቁት ልጆች የደከሙትን ድካም ለጥናት ቢያደርጉት ኖሮ፣ ይህ ምስኪን እጁን ዘርግቶ ለመጻፍ በቻለ ነበር።

አራተኛው የኳስ ተጫዋቹ ነው። በሜዳ ሲገባ ተማሪው ሁሉ ስሙን እየጠራ ይጮኻል። በተማሪ ቤቱ ውስጥ ስሙን የማያውቁ የሒሳብ አስተማሪው ብቻ ናቸው፤ ይህም የሆነው ስለ ጥላቻ አይደለም፤ ተገናኝተው ስለማያውቁ ነው።

አምስተኛውና ከሁሉ ይልቅ የሚወደደው ቀልደኛው ነው። የአስተማሪዎቹን አካሄድና አነጋገር እየቀዳ ሲጫወት፣ የተቀዱት አስተማሪ ራሳቸው በመስኮት ቆመው ይስቃሉ። አንባቢ ግን አንድ ነገር ያስተውል ዘንድ እንለምናለን። ይህ ልጅ አስቀድሞ የቀለደው በማን ላይ እንደሆነ ቢመረመር በራሱ ላይ ሆኖ ይገኛል። በ9ኛ ክፍል መጀመሪያ ቀን፣ ጫማው ከፊት ተከፍቶ ሳለ፣ ሌላው ሳይስቅበት ቀድሞ ጫማዬ ሞቆት አፉን ከፈተ ብሎ ክፍሉን ሁሉ አሳቀ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጫማው ያነሣበት የለም። እንዲህ ያለው ቀልድ የድኃ ልጅ ጋሻ ነው።

እንግዲህ ነገራችን ወደ ቁም ነገሩ ደረሰ። መልክ ማውጣት መልካም ጨዋታ ነው፤ ነገር ግን በጨዋታና በስድብ መካከል ያለው ድንበር ጠባብ ስለሆነ ሳይታወቅ ይታለፋል። ሰው በሚሠራው ነገር፣ ማለት በማርፈዱ፣ በመለፍለፉ፣ በእንቅልፉ ቢሳቅ፣ ባለቤቱም አብሮ ይስቃል፤ ነገ ሊተወው የሚችለው ነገር ነውና። በቁመቱ፣ በመልኩ፣ በአነጋገሩ ቃና፣ በአካሉ ጉድለት ወይም በወላጆቹ ድህነት ቢሳቅ ግን ባለቤቱ በአፉ ይስቅ ይሆናል እንጂ በልቡ አይስቅም። በ12ኛ ክፍል የወጣ ስም ከባለቤቱ ጋራ ተከትሎ ሥራ ቤት ይገባል፤ በሠርጉም ቀን ከሚዜዎቹ መካከል ተነሥቶ ይጠራል። ስለዚህ ጸሐፊው ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ይህን ቃል እናቱ ቆማ ብትሰማ ምን ይሰማታል ብሎ ራሱን ይጠይቅ። እናቲቱ የምትስቅ ከሆነ ይጻፈው፤ አንገቷን የምትደፋ ከሆነ ይተወው።

ሌላም የሚያስጠነቅቅ ነገር አለ፤ እርሱም ትንቢት ነው። በየፎቶግራፉ ሥር ወደፊት ሐኪም፣ ወደፊት ሚኒስትር፣ ወደፊት የትም የማይደርስ እየተባለ ይጻፋል። የብሔራዊ ፈተናው ነገር ግን ትንቢትን የሚያከብር አይደለም። የ2014 ዓ. ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ፈተና በ2015 ዓ. ም. በየዩኒቨርሲቲው ግቢ በተሰጠ ጊዜ፣ ልጆቹ ከወላጆቻቸው ተለይተው፣ ስልካቸውን ትተው ተፈተኑ። ከተፈታኞቹም መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። የ2015 ዓ. ም. ተማሪዎች ውጤት ከመቶ 3.2፣ የ2016 ዓ. ም. ደግሞ ከመቶ 5.4 ነበረ። የመጀመሪያውን ቁጥር በስድሳ ተማሪ ብናስበው ሁለት ያህል ማለት ነው። ወደፊት ሐኪም ተብሎ የተጻፈለት ልጅ ከቀሩት ከሃምሳ ስምንቱ አንዱ ሆኖ ሲገኝ፣ ያ ምርቃት በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ የሚገሥጸው ይሆንበታል። የትም አይደርስም የተባለውም ከሁለቱ አንዱ ሊሆን ይችላል። እንግዲያስ የሚሻለው ልጁ ምን እንደሚሆን ሳይሆን ምን እንደነበረ መጻፍ ነው። ሞኒተሯ ፈተናውን ብታልፍም ባታልፍም ልቅሶ ቤት ሰልፉን የመራች እርሷ ናት፤ ይህን የሚሽር ውጤት የለም።

በመጨረሻ ስለ ዩኒፎርም አንድ ቃል እንጨምራለን። ተሰናባቾቹ በመጨረሻው ቀን በዩኒፎርማቸው ላይ በእስክሪብቶ እየተፈራረሙ፣ ነጭ የነበረውን እንደ ዝንጉርጉር ዶሮ አድርገውት ወደ ቤት ይመለሳሉ። በቤት ውስጥ ደግሞ ያን ልብስ ለታናሹ ልጅ ያሰበች እናት ትጠብቃለች። ያን ማታ የሚነሣው ጠብ በብዙ ቤት የታወቀ ነው። እናት ስለ ዋጋው ትቆጣለች፤ ልጅ ስለ ጓደኞቹ ያለቅሳል፤ ሁለቱም እውነት አላቸው። እኛ የምንመክረው እርቅ ይህ ነው፦ ሹራቡ ለታናሹ ይቀመጥ፤ ሸሚዙ ለፊርማ ይሰጥ። ነገሩም በዋዜማው ይነገር እንጂ በማግሥቱ አይሁን።

ሸሚዙ በፊርማ ተሞልቶ በመጣ ጊዜም፣ ወላጆች ሆይ፣ ወደ ውኃ ከመንከሩ በፊት አንብቡት። አራት ዓመት ሙሉ ጠዋት ከቤት እየወጣ ማታ ይመለስ የነበረው ልጅ በመካከሉ ማን እንደነበረ የተጻፈው እዚያ ላይ ነው። በቤት አንድ ቃል የማይናገረው ልጃችሁ በተማሪ ቤት ቀልደኛው እርሱ እንደሆነ ከእጅጌው ላይ ታገኙ ይሆናል፤ ያን ጊዜም ጫማውን ተመልከቱለት።