የተወደደው መጫወቻው አይደለም

‹‹የድሮ መጫወቻ ርካሽም ጠንካራም ነበር፤ የዛሬው ውድም ገለባም ነው።›› ይህ አባባል በዚህ ሳምንት እንደገና ጆሮዬ ገባ። የተናገረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቡና ላይ የተገናኘን አንድ አብሮ አደጌ ነው። ለልጁ ላቡቡ የምትባለውን ባለ ሹል ጥርስ አሻንጉሊት ወደ 28 ዶላር አውጥቶ ገዝቶላት ነበር። የታሸገው ሳጥን ሲከፈት ግን ልጅቷ የተመኘችው ቀለም ሳይሆን ቀረና ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ። ንዴቱ ይገባኛል። ድምዳሜው ግን ጥፋተኛውን ለቅቆ ንጹሑን የሚከስ ስለሆነ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

የዚህ ዓምድ ደንበኞች፣ የትንንሽ የብረት መኪኖች ነገር ሲነሳ እንደማላርፍ ታውቃላችሁ። ከእነሱው ልጀምር። ማቴል የተባለው የመጫወቻ ኩባንያ ሆት ዊልስን ገበያ ላይ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው፤ ከዚህ በታች የማነሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ያኔ አንዷ መኪና አሜሪካ ውስጥ 59 ሳንቲም ትሸጥ ነበር። ‹‹ይኸው! ዶላር እንኳ አልሞላችም!›› አለኝ ወዳጄ። የያኔው 59 ሳንቲም ግን ዛሬ ከ5 ዶላር በላይ የሚያወጣ ገንዘብ ነው። ተራዋ ሆት ዊልስ ደግሞ ዛሬ ሱፐርማርኬት ውስጥ አንድ ዶላር ከሩብ ገደማ ናት። ቤንዚኑ፣ የቤት ኪራዩ፣ የትምህርት ክፍያው ሲንር ይህች መኪና ለአሥርት ዓመታት ከአንድ ዶላር ብዙም አልራቀችም። የገንዘቡ የመግዛት አቅም ሲታሰብ ዋጋዋ ወደ ሩብ ወርዷል ማለት ነው።

የባርቢም ነገር ያው ነው። በ1959 ስትወጣ 3 ዶላር ነበረች፤ ይህ በዛሬ ገንዘብ ከ30 ዶላር ያልፋል። ዛሬ ተራዋ ባርቢ በ10 ዶላር ገደማ ትገኛለች። ወደ ሌጎ ስንሄድ ደግሞ የስታር ዋርሷን ትልቅ መንኮራኩር፣ ሚሌኒየም ፋልከንን እንውሰድ። በ2007 ከ5 ሺህ በላይ ቁራጮች ይዛ 500 ዶላር ነበረች። በ2017 እንደገና ተሠርታ ስትመጣ 7,541 ቁራጮች ይዛ 800 ዶላር ሆነች። ስንቱ ‹‹ዋጋው አበደ!›› ብሎ ጮኸ! ለአንድ ቁራጭ ሲካፈል ግን ሁለቱም ጊዜ 10 ሳንቲም አካባቢ ነው፤ በመሃል ያለፈው የ10 ዓመት የዋጋ ንረት ሲጨመርበት እንዲያውም አዲሷ ትረክሳለች። የተለወጠው የሚቀርብልን ዕቃ ግዝፈት ነው። ከልጅ ኪስ ያመለጠ፣ ደመወዝ ለሚበላ ጎልማሳ የተሰናዳ መጫወቻ መጣ። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

‹‹እሺ፣ ዋጋው ይሁን፤ ጥራቱስ?›› አለኝ ወዳጄ። እዚህ ላይ የያዘው እውነት አለ። የ1968ቷ ሆት ዊልስ ከላይም ከታችም ብረት ነበረች። በተወለወለው ብረት ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀለም ስለሚቀባ መኪናዋ ከውስጥ የምታበራ ትመስላለች። ጎማዎቿ ቀይ መስመር ነበራቸው፤ በጣት ሲጫኗት ዝቅ ብላ ትነሳለች። የዛሬዋ ተራ መኪና ሆዷ አብዛኛውን ጊዜ ፕላስቲክ ነው። አንዳንዷ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ከላይ ፕላስቲክ፣ ከታች ብረት ሆና ትመጣለች። እጅ ላይ ስትያዝ ትቀላለች፤ ይህን የሚክድ ሰው መኪናዎቹን ይዞ አያውቅም።

ነገር ግን የ59 ሳንቲሟን ከአንድ ዶላር ከሩቧ ጋር ማወዳደር ፍትሕ አይደለም። የዚያችኛዋ እውነተኛ እኩያ ዛሬ ከ5 እስከ 7 ዶላር የምትሸጠው ሆት ዊልስ ናት። እሷን ገዝታችሁ እዩአት፤ ከላይም ከታችም ብረት ናት፣ ጎማዋ እውነተኛ ላስቲክ ነው፣ የፊት መብራቷና ታርጋዋ ሳይቀር ጥርት ብሎ ታትሞባታል። ይህን ያህል ረቂቅ ሥራ የ1968ቷ አልነበራትም። ለተመጣጣኝ ገንዘብ ተመጣጣኝ፣ እንዲያም ሲል የተሻለ ዕቃ እናገኛለን። በዚያ ላይ ኪሱ ለሳሳ ወላጅ ድሮ ያልነበረ ርካሽ አማራጭ ተጨመረለት።

‹‹ነገሩ የተበላሸው ሁሉም ቻይና ስለሚሠራ ነው›› የሚሉትን በአጭሩ ልሸኛቸው። በ1968 ከወጡት ሆት ዊልሶች ብዙዎቹ የተሠሩት ሆንግ ኮንግ ነው። የመጀመሪያዋ ባርቢ የተሠራችው ጃፓን ነው፤ ልብሶቿም እዚያው በእጅ ተሰፍተው፣ ጥቃቅን አዝራርና ዚፕ ተገጥሞላቸው ይመጡ ነበር። ያ ስፌት ዛሬ በ10 ዶላር አሻንጉሊት ላይ አይገኝም፤ በእርግጥ የቀረብን ነገር ካለ እሱ ነው። የቀረው ግን ሥራው ወደ እስያ ስለሄደ አይደለም፤ ከመጀመሪያውም እዚያው ነበር። ለዚያ ዓይነቱ የእጅ ሥራ የሚገባውን ለመክፈል ፈቃደኛ ስላልሆንን ነው የቀረው።

ወደ ጥንካሬው ስንመጣ ትዝታ ያታልላል። ሊቨርፑል ይሠሩ ከነበሩት ዝነኞቹ የዲንኪ መኪኖች መካከል ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የወጡት ብዙዎቹ ታማሚ ናቸው። የዚንክ ቅይጡ ውስጥ ጥቂት እርሳስ ሲገባበት ብረቱ ከውስጥ ይታመማል። መኪናው ማንም ሳይነካው፣ መደርደሪያ ላይ እንደተቀመጠ ይሰነጠቅና ይፈረፈራል፤ መድኃኒትም የለውም። ቀለሙስ? አሜሪካ እርሳስ የበዛበትን ቀለም ከመጫወቻዎች ያገደችው በ1978 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ መጫወቻ አፉ ውስጥ የከተተ ሕፃን ምን ሲልስ እንደኖረ አስቡት። አዲሱ ዘመንም ንጹሕ ነው አልልም፤ በ2007 ማቴል ራሱ ቻይና ውስጥ እርሳስ ባለበት ቀለም የተቀቡ መጫወቻዎችን ከገበያ ለመሰብሰብ ተገዷል። ልዩነቱ ዛሬ የሚመረምር መኖሩ ነው፤ አሜሪካ በዓመቱ በ2008 ሕጉን አጠበቀችው።

ደግሞም ዛሬ የምናደንቀው ‹‹ጠንካራ የድሮ መጫወቻ›› ከእልፍ መካከል የተረፈው ነው። የተሰበረው፣ ጎማው የወለቀው፣ የተረገጠው ሁሉ ዱሮ ከጥራጊ ጋር ሄዷል። ከዘመቻ በሕይወት የተመለሰውን ወታደር ብቻ አይቶ ‹‹የያኔው ጥይት ሰው አይገድልም ነበር›› ማለት ይቻላል እንዴ?

ታዲያ የተወደደው ምንድን ነው? የተወደደው እጥረት ነው። ኬነር የተባለው ኩባንያ በ1970ዎቹ መጨረሻ የስታር ዋርስ ምስሎችን ከሁለት ዶላር በማይበልጥ ዋጋ ለልጆች ይሸጥ ነበር። ከመካከላቸው ቦባ ፌት የተባለው ከጀርባው ሮኬት እንዲተኩስ ታስቦ ተሠራ፤ ሮኬቱ የልጅ ጉሮሮ ውስጥ ሊሰነቀር ይችላል ተብሎ ገበያ ላይ ሳይወጣ ቀረ። ከናሙናዎቹ አንዱ በ2024 በጨረታ 525 ሺህ ዶላር ተሸጠ። አስተውሉ፤ ይህን ያህል ዋጋ የተከፈለበት መጫወቻ ልጅ እንዳይነካው የተከለከለው ነው።

ያኛው እጥረት በአጋጣሚ የመጣ ነበር። የኋላኛው ግን ታቅዶ የሚሠራ ነው። በ1990ዎቹ ቢኒ ቤቢ የሚባሉት የፕላስቲክ ፍሬ የተሞሉ የጨርቅ እንስሳት 5 ዶላር ገደማ ይሸጡ ነበር። ኩባንያው አንዱን ወይም ሌላውን ‹‹ጡረታ ወጣ›› እያለ ማምረት ሲያቆም ሰው አበደ፤ የልጆቹን የኮሌጅ ገንዘብ የሚያወጣለት መስሎት በካርቶን ያከማች ጀመር። በ1999 ላስ ቬጋስ ውስጥ የተፋቱ ባልና ሚስት በዳኛ ትእዛዝ ችሎቱ ወለል ላይ ቁጢጥ ብለው እነዚህን አሻንጉሊቶች ተራ በተራ ተካፍለዋል። ዛሬ አብዛኞቹ ጥቂት ዶላር እንኳ ካወጡ ዕድለኛ ናቸው።

ላቡቡም የዚሁ መንገድ ተጓዥ ናት። ካሲንግ ለንግ የተባለው ሠዓሊ በ2015 ለሥዕል መጻሕፍት የፈጠራት፣ በራሷ የምታምር ፍጡር ናት። ፖፕ ማርት የተባለው የቻይና ኩባንያ ግን ውስጡ በማይታይ ሳጥን ይሸጣታል፤ ‹‹ሚስጥራዊዋ›› የምትወጣው ከ72 አንዴ ነው። በ2025 ቤጂንግ ላይ ሰው የምታህል አንዲት ላቡቡ በጨረታ 1 ሚሊዮን 80 ሺህ ዩዋን አወጣች፤ ወደ 150 ሺህ ዶላር ነው። በዚያው ዓመት ኩባንያው በብዛት ማቅረብ ሲጀምር ደግሞ አትርፈው የሚሸጡት ሰዎች የሚጠይቁት ዋጋ ወረደ። እንግዲህ ወዳጄ 28 ዶላር የከፈለው ለሎተሪ ነው፤ ልጁ ያለቀሰችው ዕጣ ስላልወጣላት ነው። የአሻንጉሊቷ ጥራት ምን አደረገን?

ይህ ወደ ድሮው ጠቤ ይመልሰኛል። ሳጥኑን ሳይከፍቱ መደርደሪያ ላይ ከሚደረድሩት ጋር ያለኝን ጠብ ታውቃላችሁ። ሆት ዊልስ ከ1995 ጀምሮ ‹‹ትሬዠር ሃንት›› የሚባሉ ጥቂት መኪኖችን ከተራዎቹ መካከል ይቀላቅላል። ውጤቱን ማየት የፈለገ ማለዳ ሱቅ ሲከፈት ይሂድ። ጢም ያበቀሉ ሰዎች ካርቶን ሲበረብሩ ያገኛል። ከትምህርት ቤት በኋላ የእናቱን እጅ ይዞ የሚመጣው ልጅ የሚደርሰው ትርፍራፊው ነው። ‹‹ኢንቨስትመንት ነው›› ይሉኛል። ገንዘብ ለማስቀመጥ ባንክ አለ፤ የልጅን ድርሻ መሻማት ለምን አስፈለገ? የ2007ቷን ፋልከን አሽገው በሺዎች ዶላር ሊሸጧት የጠበቁት ሰዎችም በ2017 አዲሷ ስትወጣ ዋጋዋ ወርዶባቸዋል።

ማችቦክስ የተባለችው ትንሽ የብረት መኪና እንዴት እንደተወለደች የሚያውቅ ሰው ይህን አያደርግም። ለንደን ውስጥ ሌዝኒ በተባለ የብረት ቅርጽ ማውጫ ድርጅት የሚሠራ ጃክ ኦዴል የተባለ መሐንዲስ ነበር። የልጁ ትምህርት ቤት ከክብሪት ቀፎ የሚበልጥ መጫወቻ ይዞ መግባት ይከለክላል። አባትየው ቀፎው ውስጥ የምትገባ የመንገድ መዳመጫ ማሽን ከናስ ሠራላት። የክፍሏ ልጆች ሁሉ ለእኔም ለእኔም አሉ። በ1953 ማችቦክስ ገበያ ላይ ዋለች፤ ዓለምንም አዳረሰች። ሌዝኒ በ1982 ከሥሮ ስሟ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጋገረ፤ ከ1997 ጀምሮ ያለችው በማቴል እጅ ነው። ሥሯ ግን አንድ አባት ለአንዲት ልጅ፣ ኪሷ ውስጥ ይዛው እንድትሄድ የሠራው ዕቃ ነው።

ይህን ሳስብ የልጅነት የሽቦ መኪናችን ትዝ ትለኛለች። ሽቦውን እየጠመዘዝን አካሏን እንሠራለን፤ ጎማዋን ከተጣለ ነጠላ ጫማ ቆርጠን እናወጣለን፤ ረጅም መሪ ገጥመንላት ሰፈሩን እናካልላለን። ዋጋዋ ምንም ነበር። ጠንካራም አልነበረችም፤ ድንጋይ ሲመታት ትጣመማለች፤ የሠራት ልጅ ራሱ ያቃናታል። ዛሬ በእጄ አንድም የለችም፤ እስክታልቅ ተጫውተንባታል። ለአንድ መጫወቻ ከዚህ የበለጠ ክብር አላውቅም፤ የ525 ሺህ ዶላሩ ቦባ ፌት ይህን አላገኘም።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። መጫወቻው ረክሷል፤ በአብዛኛው ተሻሽሏል፤ በጥቂቱ ቀልሏል። ጥፋቱ ያለው መጫወቻን ከልጅ እጅ ወስዶ ወደ አክሲዮን የለወጠው የጎልማሶች ገበያ ላይ ነው። ወላጆች፣ ውስጡ የማይታይ ሳጥን አትግዙ፤ አትርፎ ለሚሸጥ ሰው አትክፈሉ። በአንድ ዶላር ከሩብ ልጃችሁ በዓይኗ አይታ የመረጠቻትን መኪና ግዙላት። መደርደሪያ ላይ የታሸገ ያላችሁም፣ የሠፈር ልጅ ጥሩና ሳጥኑን ክፈቱት።