ባሕር የዋጠው የመብራት ማማ

በስፔን አገር፥ በካታሎኒያ፥ የኤብሮ ወንዝ ወደ ሜዲቴራኒያን ባሕር በሚገባበት ረግረግ ላይ በ1864 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን) አንድ ታላቅ የመርከብ መሪ መብራት ማማ ተተክሎ ነበር። የቆመበት ስፍራ የቡዳ ደሴት ይባላል፤ ስሙ ለአማርኛ ጆሮ ደስ ባይልም ከእኛ ቡዳ ጋራ ዝምድና የለውም። ዛሬ ግን ወደ ደሴቲቱ የሚሄድ ሰው ማማውን አያገኘውም። ፍርስራሹ ከባሕር ሥር ነው፤ ከዛሬውም ዳርቻ ያለው ርቀት በኪሎ ሜትር የሚቈጠር ሆኗል።

ስለ ወደቀ ማማ ዛሬ ምን ያስጽፋል የሚል አንባቢ ይኖራል። የሚያስጽፈው ማማውን የበላው ባሕር አሁን ደግሞ የሩዝ እርሻውን በመብላት ላይ ስለ ሆነና፥ የስፔን መንግሥትና የአገሬው ገበሬዎችም ስለ መድኀኒቱ ክርክር ስለ ገጠሙ ነው።

ማማውን ያቀደው ሉሲዮ ዴል ቫዬ የሚባል ስፔናዊ መሐንዲስ ነበር። አገሩ እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ ዝቅተኛ ሜዳ ስለ ሆነ ከባሕር የሚመጣው መርከበኛ መሬቱን ሳያየው አሸዋ ላይ ይቀመጥ ነበር። መብራት ይተከል ቢባል ደግሞ ጭቃው የድንጋይ ግንብ አይሸከምም። ስለዚህ መሐንዲሱ ጫፋቸው እንደ ብሎን የተጠማዘዘ የብረት ምሰሶዎችን እያዞረ ወደ ጭቃው ውስጥ አስገባና በላያቸው ቁመቱ ከ50 ሜትር የሚበልጥ የብረት ማማ አቆመ። በዘመኑ ከብረት ከተሠሩት የመብራት ማማዎች ሁሉ ረጅሙ ይባልለት ነበር። በዚያው ጊዜ ሁለት አነስ ያሉ ማማዎች በዴልታው ዳርቻ ተሠርተዋል፤ ከእነርሱ አንዱ፥ የባኛ የሚባለው፥ ኋላ ከረግረጉ ተነሥቶ ወደ ታራጎና ወደብ ስለ ተወሰደ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል።

ታላቁን ማማ ምን ጣለው? ግድቦች ናቸው የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይሰማል። እኛ ግን ይህን እንዳለ አንቀበለውም። በ1937 ታላቅ ጎርፍ ወርዶ ወንዙ በሰሜን በኩል አዲስ አፍ ከፈተ። ደለሉም በዚያ በኩል መውረድ ስለ ጀመረ በቡዳ ፊት የነበረው አሮጌ አፍ ቀለብ እንደ ተቋረጠበት ሰው እየመነመነ ሄደ። ባሕሩ እየቀረበ መጥቶ በ1961 በታኅሣሥ ወር መጨረሻ በተነሣው ማዕበል ማማውን አፈረሰው። ሁለቱ ታላላቅ ግድቦች፥ የመኪኔንዛና የሪባሮሃ፥ ያለቁት ከዚያ በኋላ በ1966 እና በ1969 ነው። ከላይ ቀደም ብለው የተሠሩት ግድቦች ደለሉን ጥቂት በጥቂት መቀነሳቸውን አንክድም፤ ነገር ግን ማማውን በዋናነት ያሳጣው ወንዙ መንገዱን መለወጡ ነው።

ይህን መለየታችን ለክርክር ብቻ አይደለም። ያን ጊዜ ወንዙ ከአንዱ ዳርቻ ቢወስድ ለሌላው ይሰጥ ነበር፤ ቡዳ ሲጎድል በሰሜን አዲስ መሬት ተሠርቷል። ከግድቦቹ ወዲህ ግን ደለሉ ከሞላ ጎደል ሁሉ ከኋላቸው ስለ ቀረ ባሕሩ ይወስዳል፥ ወንዙም የሚተካው የለውም። የዴልታው ጭቃ ደግሞ በራሱ ክብደት በየዓመቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይሰጥማል፤ ባሕሩም ከፍ ይላል። እኛ በተማርንበት ክፍል ግድብ ሲነሣ ውሃውና ኪሎዋቱ ይቈጠር ነበር እንጂ ደለሉን የቈጠረልን አልነበረም።

በጥር 2020 ግሎሪያ የተባለው ማዕበል ወደ 3,000 ሄክታር የሚጠጋ የሩዝ መሬት በባሕር ውሃ አጥለቀለቀ፤ ትራቡካዶር የሚባለውንም ቀጭን የአሸዋ መንገድ ቈረጠው። ዴልታው በጠቅላላው 320 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ሁለት ሦስተኛው ገደማ ሩዝ ነው። እርሻው ከወንዙ በሚመጣ ጣፋጭ ውሃ ካልተሸፈነ ጨው ከሥር ይወጣበታል። ከ2001 ጀምሮ መንግሥት ከኤብሮ በየዓመቱ 1,050 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ወደ ሌሎች አውራጃዎች ሊወስድ ባሰበ ጊዜ የዴልታው ሕዝብ አደባባይ የወጣው ስለዚህ ነው፤ ዕቅዱም በ2004 ተሰርዟል።

አሁን ያለው ክርክር ከዚያ ይከብዳል። በ2021 የወጣው የመንግሥት ዕቅድ ለባሕሩ ስፍራ እንዲለቀቅለት፥ የዳርቻውም ወሰን ወደ ኋላ እንዲያፈገፍግ ያስባል። ገበሬዎቹ ደግሞ አሸዋ ይመለስልን፥ ከግድብ በስተኋላ የተኛው ደለል መንገድ ይከፈትለት ይላሉ። ሁለተኛው በአፍ እንደሚነገረው ቀላል አይደለም። በፍሊክስ ከተማ አጠገብ በ1948 በተሠራው ግድብ ውስጥ ከኬሚካል ፋብሪካ የወጣ ሜርኩሪና ሌላ መርዝ ያለበት ዝቃጭ ተከማችቶ ብዙ ገንዘብ አስወጥቷል፤ ጭቃ ሁሉ ዝም ብሎ የሚለቀቅ አይደለም። ለግድቡ ባለቤትም ቢሆን ደለል ጠላት ነው፤ ከአዋሽ የሚወርደው ደለል የቆቃን ሐይቅ የውሃ መያዣነት ምን ያህል እንዳሳነሰው የእኛ አንባቢ ያውቃል።

እንዲህም ሆኖ እኛ በአንድ ነገር ከገበሬዎቹ ጋራ ነን። የግድቦቹ ኤሌክትሪክ የጠቀመው ብዙ አገር ነው፤ አፈሩ የጎደለው ግን ከጥቂት መንደሮች ደጃፍ ነው። መንግሥት መሬታችሁን ልቀቁ ከማለቱ በፊት ንጹሑን ደለል ለማውረድ ምን ያህል እንደ ሞከረና ስንት ቶን እንደ ደረሰ በቁጥር ሊያሳያቸው ይገባል። ሞክሮ ባይበቃ ያን ጊዜ ስለ ካሳ መነጋገር ይቻላል፤ ሳይሞክር ግን ካሳውም እንደ ማባበያ ይታያል።

በቡዳ ደሴት ያሉትን ሐይቆች ከባሕሩ የሚለያቸው ዛሬ ቀጭን የአሸዋ መስመር ነው፤ ብርቱ ማዕበል በተነሣ ጊዜም ይጣሳል።