ሳንሱር ቢሮውን ዘግቶ የት ገባ?

ባለፈው ሴሚስተር መምህራችን ክፍል ውስጥ አንድ ጥያቄ ጠየቁን። «የሩማኒያ ኮሙኒስት መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1977 የሳንሱር መሥሪያ ቤቱን ዘጋ። ይህ ምን ያሳያል?» አሉ። ጥያቄው ቀላል መሰለኝና ቀድሜ እጄን አወጣሁ። «መንግሥቱ እየላላ መምጣቱን ነው» ብዬ በልበ ሙሉነት መለስኩ። መምህሩ ፈገግ አሉና «ሂድና አንብብ» አሉኝ። ሄጄ አነበብኩ። መልሴ የተሳሳተ ብቻ ሳይሆን የተገላቢጦሽ ሆኖ አገኘሁት። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ግን መሳሳቴ አይደለም። ነገሩ ስለ ሩማኒያ ብቻ ሆኖ አለመገኘቱ ነው። (ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እስቲ ከሥሩ እንጀምር። ኒኮላይ ቻውሼስኩ የሩማኒያን ኮሙኒስት ፓርቲ መሪነት የጨበጠው በ1965 ነው። መጀመሪያ ላይ የብዙዎችን ተስፋ ቀስቅሶ ነበር። በ1968 የዋርሶ ስምምነት ጦር ቼኮዝሎቫኪያን ሲወር ሩማኒያ አልተባበረችም፤ እንዲያውም ቻውሼስኩ ወረራውን በአደባባይ አወገዘ። ምዕራባውያን አጨበጨቡለት፤ የአገሩ ደራስያንም ትንሽ ተነፈሱ። ግን ምን ያደርጋል! በ1971 ቻይናንና ሰሜን ኮሪያን ጎብኝቶ ሲመለስ እዚያ ያየው ነገር ልቡን ሰርቆት ነበር። በዚያው ዓመት «የጁላይ ሐሳቦች» ተብለው የሚታወቁትን መመሪያዎች አወጣ። ሥነ ጽሑፍ፣ ቴአትር፣ ፊልምና ትምህርት በሙሉ የፓርቲውን ዓላማ ያገልግሉ ተባለ። የመሪው ፎቶግራፍና ውዳሴ አገሩን ሞላው።

የሳንሱር መሥሪያ ቤቱ የተዘጋው እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ታዲያ ለምን ተዘጋ? ነገሩ እንዲህ ነው። ቀድሞ ጽሑፍ ለአንድ የታወቀ ቢሮ ይቀርባል፤ ቢሮው ይሰርዛል ወይም ያሳልፋል። ደራሲው ከማን ጋር እንደሚከራከር ያውቃል። አዘጋጁም ቢሆን «የበላይ አሳልፎታል» ብሎ ራሱን መከላከል ይችላል። ከ1977 በኋላ ግን ኃላፊነቱ በመጽሔት አዘጋጆች፣ በማተሚያ ድርጅት ኃላፊዎችና የባህል ጉዳይ በሚመለከተው ምክር ቤት ላይ ተበተነ። ስህተት ከተገኘ የሚጠየቀው ያሳተመው ሰው ነው። ስህተቱ ምን እንደሆነ ደግሞ አስቀድሞ የሚነግረው የለም። ስለዚህ ሁሉም እየገመተ መኖር ጀመረ። የሚታይ አጥር ያለበት ሰው እስከ አጥሩ ድረስ ይራመዳል። አጥሩ የት እንደሆነ የማያውቅ ሰው ግን ከደጁም አይወጣ። ምን ማለቴ ነው፣ ሳንሱር ቢሮውን ዘግቶ ወደ ሰዎች ጭንቅላት ገባ። ኪራይ የለ፣ ደመወዝ የለ!

የ1980ዎቹን ሩማኒያ ስናስብ ቶሎ የሚመጣብን ሴኩሪታቴ የሚባለው የስለላ ድርጅት ነው። አስፈሪ እንደነበረ ጥርጥር የለውም። ነገር ግን ቁጥጥሩ በሰላዮች ብቻ የተሠራ አልነበረም፤ በፎርምና በመዝገብም የተሠራ ነበር። በ1983 በወጣ አዋጅ ማንኛውም ታይፕራይተር ያለው ሰው ከፖሊስ ፈቃድ እንዲያወጣ ተገደደ። በየዓመቱም የመኪናውን ፊደላት የጽሑፍ ናሙና ማስገባት ነበረበት። ለምን ቢባል፣ አንድ ቀን ግድግዳ ላይ ያልተፈቀደ ወረቀት ቢለጠፍ ከየትኛው ቤት እንደወጣ በፊደሉ አጣጣል ለማወቅ ነው። «ለመንግሥት አደገኛ» ተብሎ የተፈረጀ ሰው ታይፕራይተር መያዝ አይችልም ነበር። በ1985 ቴሌቪዥን በሥራ ቀናት በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ እንዲተላለፍ ተደረገ፤ ከዚያም ውስጥ ብዙው የመሪው ወሬ ነው። ከውጭ ዜጋ ጋር የተነጋገረ ሰው ማሳወቅ ግዴታው ነበር።

ቁጥጥሩ መኝታ ቤት ድረስ ዘልቋል። ከ1966 ጀምሮ ጽንስ ማስወረድ ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር ተከልክሎ ነበር። ሴቶች በየሥራ ቦታቸው ለማህፀን ምርመራ የሚሰለፉበት ጊዜም መጣ። በድብቅ ጽንስ ሲያስወርዱ የሞቱት ሴቶች ወደ 10,000 እንደሚጠጉ ይገመታል። ሕጉ የተሻረው አገዛዙ በወደቀ በቀናት ውስጥ፣ በዲሴምበር 1989 ነው።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። የታይፑን ናሙና ፋይል ውስጥ የሚያስቀምጠው ተራ ጸሐፊ ነው። ምርመራውን የሚያደርገው ተራ ሐኪም ነው። ግጥሙን «ለጊዜው ይቆይ» የሚለው ልጆች የሚያሳድግ ተራ አዘጋጅ ነው። አብዛኞቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ትንሽ ትንሽ ተባበሩ እንጂ።

አሁን ደግሞ እኛን ተማሪዎችን በቀጥታ ወደሚነካው ታሪክ ልምጣ። «አምፊቴአትሩ» የሚባል የተማሪዎች መጽሔት ነበር። በፓርቲው ሥር ያለ የተማሪዎች ማኅበር የሚያሳትመው ነው። በዲሴምበር 1984 ይህ መጽሔት አና ብላንዲያና የተባለችውን ገጣሚ አራት ግጥሞች አወጣ። አንደኛው ግጥም የዕለት ተዕለት ኑሮን ነገሮች በየተራ ይቆጥራል፣ ሌላ ምንም አይልም። ለአንባቢ ግን ከበቂ በላይ ነበር፤ ሰልፉንም፣ እጥረቱንም፣ በየቦታው የተሰቀለውን ምስልም ያውቃቸዋል። መጽሔቱ ወዲያው ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ፤ በአዘጋጆቹም ላይ ቅጣት ወረደ። ግጥሞቹ ግን አልተሰበሰቡም። ሰዎች በእጃቸው እየገለበጡ ከእጅ ወደ እጅ አስተላለፏቸው። ታይፑ በተመዘገበበት አገር እስክሪብቶ አልተመዘገበማ!

ይህቺው ገጣሚ በ1988 የልጆች መጽሐፍ አወጣች። በውስጡ አርፓጂክ የሚባል በሄደበት ሁሉ በክብር አቀባበል የሚደረግለት ኩሩ ድመት አለ። አንባቢ ድመቱን ሲያይ ማን ትዝ እንዳለው መገመት አያዳግትም። መጽሐፉ ተሰበሰበ፣ ደራሲዋም ከማሳተም ታገደች። እስቲ አስቡት፣ ጦርና ስለላ ያለው መንግሥት ድመት ፈራ! ብላንዲያና ዛሬም አለች፤ በ2024 የስፔኑን የአስቱሪያስ ልዕልት የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተቀብላለች።

ይህን ጉዳይ ዶርም ውስጥ ሳነሳ አንድ ጓደኛዬ ጥሩ ክርክር ገጠመኝ። «ቢሆንም ባህል ይደገፍ ነበር፤ መጽሐፍ ርካሽ፣ ቴአትር ርካሽ ነበር። ዛሬ ገበያው ለባህል ምን አደረገለት?» አለኝ። ነጥቡን አልንቀውም። በእርግጥም ከ1976 ጀምሮ «የሩማኒያ ዝማሬ» የሚባል አገር አቀፍ ፌስቲቫል ነበር። ከፋብሪካው፣ ከእርሻው፣ ከትምህርት ቤቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ይዘፍናል፣ ይጨፍራል፣ ግጥም ያነባል። የእኛን የቀበሌ ኪነት ቡድኖች ያስታወሰ ሰው ሥዕሉ አይጠፋውም። ችግሩ ገንዘብ መውጣቱ አይደለም። ሰው የሚዘፍነው ስለ ማን እንደሆነ ቀድሞ መወሰኑ ነው። እየጨፈሩ የሚያዩትን እንዳላዩ መሆንን የሚለማመዱ ሚሊዮኖች ባህል አዳበሩ ማለት ይቸግረኛል፤ የዳበረው ዝምታ ነው።

ደግሞም መንግሥቱን ራሱን አልጠቀመውም። ዲሴምበር 21 ቀን 1989 ቻውሼስኩ በቡካሬስት ከሰገነት ላይ ሆኖ ንግግር አደረገ። ሕዝቡ እንደ ወትሮው ተጠርቶ፣ ባነር ይዞ የመጣ ነው። በንግግሩ መካከል ጩኸት ተነሳ። የቴሌቪዥን ምስሉ እስካሁን አለ፤ ሰውዬው ቃል ጠፍቶት እጁን ያነሳል። ለዓመታት እውነቱን የሚነግረው ሰው እንዳይኖር ራሱ አድርጎ ነበርና ያልጠበቀው ነገር ነው የገጠመው። በማግስቱ በሄሊኮፕተር ሸሸ፤ በአራተኛው ቀን ከባለቤቱ ጋር ተረሸነ።

እኛስ? የእኛን አገር ታሪክ የሚያውቅ ሰው «ኦሮማይ»ን ማንሳቱ አይቀርም። የበዓሉ ግርማ መጽሐፍ በ1975 ዓ.ም. የታተመው በመንግሥት ማተሚያ ድርጅት በኩራዝ ነው። እሱም እንደ «አምፊቴአትሩ» በሕጋዊ መንገድ ወጥቶ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። በኋላ፣ በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ አዋጅ ቅድመ ሳንሱር ተከለከለ። ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን የሩማኒያ ታሪክ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር ቢሮ መዘጋቱና ሳንሱር መቅረቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው።

ማስረጃ አምጣ ብትሉኝ ሩቅ አልሄድም፤ ማስረጃው እኔው ነኝ። ባለፈው ዓመት ለዚህችው ቡለቲን አንድ ጽሑፍ ሰጥቼ ነበር። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ስለ ውጤት አሰጣጥ አንድ አንቀጽ ነበረበት። እውነት ነው፣ ምሳሌም ነበረው። ከማስረከቤ በፊት ባለው ምሽት አወጣሁት። አውጣው ያለኝ ሰው የለም። ያስፈራራኝም የለም። «ማን ምን ይለኛል» የሚል ሐሳብ ብቻ መጣብኝ፣ በቃ። ጽሑፉ ሲወጣ ሰዎች ወደዱልኝ፤ እኔ ግን ባነበብኩት ቁጥር የጎደለው አንቀጽ ይታየኛል። የሩማኒያን አዘጋጆች ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ልፈርድባቸው ስነሳ ራሴን አገኘሁት። እነሱ እንኳ የሚፈሩት ነገር ነበራቸው፤ ሥራ ይታጣል፣ ቤት ይታጣል። እኔ ምን ነበረኝ?

«ታዲያ የመጣልህን ሁሉ መጻፍ አለብህ?» የሚለኝ አይጠፋም። የለም! ማረም ሌላ፣ መፍራት ሌላ ነው። ሁለቱን የምለይበት መንገድ ቀላል ነው። ያወጣሁትን ነገር ለምን እንዳወጣሁት ጮክ ብዬ መናገር እችላለሁ ወይ? «ስላላረጋገጥኩት»፣ «የሰው ስም ስለሚያጠፋ»፣ «ስለረዘመ» ከሆነ ለማንም እናገራለሁ፤ ይህ ማረም ነው። ምክንያቱን ለመናገር ካፈርኩ ግን ያ ፍርሃት ነው፤ ሳንሱሩም እኔው ነኝ።

ስለዚህ ለቡለቲናችን አዘጋጅ ኮሚቴ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የማይወጣ ጽሑፍ ሲኖር፣ ወይም አንቀጽ ሲቀነስ፣ ምክንያቱ በአንድ አረፍተ ነገር ተጽፎ ለጸሐፊው ይሰጠው። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ስብሰባም አያስፈልገውም። «ለጊዜው ይቆይ» የሚለው ቃል ግን ከመካከላችን ይውጣ። አዘጋጆቹም እኛም አጥሩ የት እንዳለ እንወቅ፤ ካልወደድነውም እንከራከርበት። እኔም በበኩሌ ያቺን ያወጣኋትን አንቀጽ አስተካክዬ፣ ምሳሌዋን አጣርቼ ለሚቀጥለው እትም አስገባለሁ። ትውጣ አትውጣ የኮሚቴው ፈንታ ነው። ካልወጣች ግን ምክንያቷን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።