የመግቢያ ደብዳቤ የሐኪም ፈቃድ አይደለም

የ12ኛ ክፍል ውጤት ከወጣ በኋላ ባሉት ሳምንታት በአዳማ፣ በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ ይበዛል። በቻይና፣ በሩሲያ ወይም በቱርክ ሕክምና መማር ይቻላል፣ መግቢያው የተረጋገጠ ነው፣ ትምህርት ቤቱም በዓለም ጤና ድርጅት እውቅና አለው ይላል። ልጇን ሐኪም ሆኖ ማየት የምትመኝ እናት ትደውላለች። ኤጀንቱ ፓስፖርትና ትራንስክሪፕት ይጠይቃል፣ ቅድሚያ ክፍያ ይቀበላል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የመግቢያ ደብዳቤው ይመጣል። ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ልጁም ከዚያች ቀን ጀምሮ «ዶክተር» ይባላል።

በዚህ ሁሉ መሀል ሳይጠየቅ የሚቀር አንድ ጥያቄ አለ። ይህ ልጅ ከስድስት ዓመት በኋላ ዲግሪውን ይዞ ሲመለስ በኢትዮጵያ ሐኪም ሆኖ መሥራት ይችላል ወይ?

ወላጆችን መውቀስ ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። በ2014 የትምህርት ዘመን በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። ያለፈውም ቢሆን በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን ዓመት በከፍተኛ ውጤት ካልጨረሰ ሕክምና አይደርሰውም። በሩ እንዲህ ሲጠብ ቤተሰብ ሌላ መግቢያ መፈለጉ አያስገርምም።

ለሕክምና ትምህርት ባሕር መሻገርም አዲስ ነገር አይደለም። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በልጅነታቸው ወደ ሕንድ ተወስደው ሕክምናን የተማሩት በላሆር ነው። በደርግ ዘመን በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ወደ ኩባ ተልከዋል፤ ሐኪም ሆነው የተመለሱም አሉ። ልዩነቱ ወደ ኩባ የላካቸው መንግሥት መሆኑ ነው። ትምህርት ቤቱን የተስማማበትም፣ ሲመለሱ ዲግሪያቸውን የተቀበለውም እሱ ነበር። ዛሬ የሚመርጠው ኤጀንት ነው፣ የሚከፍለው ቤተሰብ ነው፣ የሚፈርደው መሥሪያ ቤት ደግሞ ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው የሚታየው።

ማስታወቂያው የሚለውን አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለሕክምና ትምህርት ቤቶች እውቅና አይሰጥም፤ ሥራውም አይደለም። ኤጀንቶች እንደ ማስረጃ የሚያሳዩት የዓለም የሕክምና ትምህርት ቤቶች ማውጫም ቢሆን፣ ስም በማውጫው መገኘቱ እውቅና ማለት እንዳልሆነ ራሱ በግልጽ ይናገራል።

ብዙዎች የሚመኟትን ቻይናን እንውሰድ ቢባል፣ የቻይና መንግሥት ስኮላርሺፕ ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚሰጠው በቻይንኛ ለሚማር ተማሪ ነው፤ ከትምህርቱ በፊትም አንድ ዓመት ቋንቋ ይማራል። በእንግሊዝኛ የሚሰጠው ሕክምና በአብዛኛው በግል ክፍያ ነው። ለውጭ ተማሪዎች ሕክምናን በእንግሊዝኛ እንዲያስተምሩ የተፈቀደላቸውን ዩኒቨርሲቲዎች የአገሪቱ ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በስም ይዘረዝራል፤ ሲጀመር 30 ነበሩ። ደብዳቤ የላከው ዩኒቨርሲቲ ከዝርዝሩ ውስጥ መኖር አለመኖሩን የሚያጣራ ወላጅ ግን ስንት ነው? ክፍሉ በእንግሊዝኛ ቢሆንም በሽተኛው የሚናገረው ቻይንኛ ነው። ቋንቋውን ያልያዘ ተማሪ የሆስፒታል ልምምዱን ከሌሎች ኋላ ቆሞ ሊያሳልፈው ይችላል።

ገንዘቡም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በቀናት ውስጥ 100 ብር አልፏል። በዓመት 4,000 ዶላር የሚከፍል ቤተሰብ ቢኖር፣ 228,000 ብር የነበረው ወጪ ከ400,000 በላይ ሆነበት ማለት ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለን ልጅ ደግሞ ከመንገድ መመለስ ቀላል አይደለም። ከመጋቢት 2012 እስከ ነሐሴ 2014 ቻይና ለውጭ ተማሪዎች ተዘግታ በነበረ ጊዜ ሕክምናን በስልክና በኮምፒውተር ለመማር የተገደዱትም ያንኑ አይተዋል።

ይህን ሁሉ አልፎ የተመለሰ ተመራቂ ሁለት ነገር ይጠብቀዋል። አንዱ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሚሰጠው የአቻ ግምት ነው። ሌላው የጤና ሚኒስቴር የብቃት ምዘና ፈተና ነው። ሁለቱም ተገቢ ናቸው፤ የሰው ሕይወት የሚይዝ ሰው መመዘን አለበት። ጥፋቱ የጊዜው ነው። መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ የሚመጣው መሬቱ ከተሸጠ፣ ዕድሜውም ከሄደ በኋላ ነው።

ሕንድ ከኢትዮጵያ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ተማሪ ለሕክምና ወደ ውጭ ትልካለች። በኅዳር 2021 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ደንብ ከመሄድ በፊት ሁሉንም ይናገራል። ትምህርቱ ቢያንስ 54 ወር መሆን አለበት፣ በእንግሊዝኛ መሰጠት አለበት፣ የ12 ወር የሆስፒታል ልምምድ እዚያው በተማሩበት ተቋም መደረግ አለበት፣ ዲግሪውም በተሰጠበት አገር ሐኪም ሆኖ ለመሥራት የሚያበቃ መሆን አለበት። ይህም ሆኖ ከውጭ ተመላሾች የሚወስዱትን ፈተና አብዛኞቹ ይወድቃሉ። ነገር ግን ሳያውቅ የሄደ የለም።

የኢትዮጵያ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤትም ይህን ማድረግ ይችላል። የሚቀበላቸውን የውጭ ሕክምና ትምህርት ቤቶችና መስፈርቱን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ፣ በየዓመቱ ከ12ኛ ክፍል ውጤት በፊት ያውጣ። ኤጀንትም ያንን ሳያሳይ ገንዘብ እንዳይቀበል ይከልከል። ይህ የድሃውን ልጅ ዕድል ይዘጋል የሚሉ ይኖራሉ። ዕድል የሚዘጋው ግን ከስድስት ዓመት በኋላ የሚሰጥ «አይሆንም» ነው።

እስከዚያው ቤተሰብ ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ትምህርት ቤቱ በራሱ አገር ለውጭ ተማሪ እንዲያስተምር ተፈቅዶለታል ወይ? ተመራቂው እዚያው አገር ሐኪም ሆኖ መሥራት ይችላል ወይ? አዲስ አበባ ያለው ባለሥልጣን ስለ ትምህርት ቤቱ ምን ይላል? የመጨረሻው መልስ በጽሑፍ ይሁን።

ነባሩ ሰው ኃይለማርያም ማሞ በሚለው የአዳማ ሆስፒታል ከአርሲ፣ ከመተሐራና ከመቂ የመጣ በሽተኛ ወረፋ ይጠብቃል። እሱ የሚያስፈልገው የሚያክመው ሐኪም ነው። በጎረቤት አፍ «ዶክተር» ተብሎ ፈቃድ ያጣ ወጣት ለእሱም፣ ለእናቱም አይደርስም።