የጀግና ቤተሰብም ይጻፍ

ህንድ ሲባል በአገራችን ቀድመው የሚታወሱት መምህራን ናቸው። አባቶቻችንና አያቶቻችን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳሉ ካስተማሯቸው ሰዎች ብዙዎቹ ህንዳውያን ነበሩ። ነገር ግን ከመምህራኑ አስቀድሞ፣ በ1933 ዓ.ም.፣ ሌሎች ህንዳውያን ጠላትን ለማስወጣት ከእንግሊዝ ጦር ጋር መጥተው ተዋግተዋል፤ ከእነዚህም ውስጥ የፑንጃብ ሰዎችና ሲኮች ጥቂቶች አልነበሩም። የሲክ ሃይማኖት ወንዶች «ሲንግ» የሚል ስም ይይዛሉ፤ ትርጓሜውም አንበሳ ማለት ነው፤ ሌሎች ህንዳውያንም ይጠሩበታል። እኔም የማነሣው የአንዱን ሲንግ ታሪክ ነው።

ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት በ1911 ዓ.ም. ተወለደ። አባቱ የመንግሥት መሐንዲስ ነበሩ፤ ልጃቸው ገና በጦር ትምህርት ቤት ሳለ ፈረስ ሲጋልቡ በደረሰባቸው አደጋ ሞቱ። ልጁም ምክትል መቶ አለቃ ሆኖ ከመሐንዲስ ጦር ጋር በሱዳን በኩል መተማ ደረሰ። ዕድሜው 22 ዓመት ነበር። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኦሜድላ በገቡ በ11ኛው ቀን፣ ጥር 23 ቀን 1933 ዓ.ም. ሌሊት፣ ጠላት መተማን ለቆ ወደ ጎንደር አቅጣጫ ሲሸሽ በመንገዱ ላይ ፈንጂ እየቀበረ ሄደ። ባጋት ከሁሉ በፊት በሚሄደው ብረት ለበስ መኪና ላይ ሆኖ፣ አራት ቀን ሙሉ ከንጋት እስከ ምሽት፣ 88 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አስጠረገ፤ ፈንጂ የተቀበረባቸውን 15 ሥፍራዎች አገኘ። ሁለት ጊዜ መኪናው በፈንጂ ተመታ፤ በሦስተኛው ያደፈጠ ጠላት ተኮሰበት። የጆሮው ታምቡር ተበስቶ ሳለ ሌላ ሰው ይተካህ ቢባል፣ ሥራውን ከማንም ይልቅ ለምጄዋለሁና እኔው ልጨርሰው ብሎ እንቢ አለ። ስለዚህም ቪክቶሪያ ክሮስ የተባለውን ከፍተኛ የጀግንነት ኒሻን ተሸለመ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይህን ያገኘ የመጀመሪያው ህንዳዊ እርሱ ነው።

በ1934 ዓ.ም. ሞሂኒ የምትባል ወጣት አገባ። በኋላም እስከ ሌተና ጄኔራልነት ደርሶ በ1967 ዓ.ም. ዐረፈ። ሴት ልጁ አሻሊ ቫርማ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2013 የአባቷን ሕይወት ጽፋ «ቪክቶሪያ ክሮስ፤ የፍቅር ታሪክ» ብላ አወጣችው። ልብ በሉ፤ ጦርነቱንና ትዳሩን በአንድ አርእስት አሰረቻቸው። እኔን ያስቀናኝ ከኒሻኑ ይልቅ ይህ ነው።

መኪናው በተመታ ጊዜ አብረውት የተጎዱት ሰዎች ግን በሽልማቱ ጽሑፍ ላይ «ሌሎች» ተብለው ብቻ ታልፈዋል። በእኛም በይፋት ነገሩ ይኸው ነው። ከሸዋ አርበኞች የራስ አበበ አረጋይ ስም በመጽሐፍ አለ፤ የቀሩት «እነ እገሌ» ናቸው። እገሌ ሲዘምት በሬውን ማን ጠመደለት? ስንቁን ማን አዘጋጀች? ከልጆቹስ ማን ተረፈ? አንዳንድ ሰዎች የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም ይሉ ይሆናል። ገመና ይውጣ አላልሁም። ሚስቱ ማን ነበረች ብሎ መጠየቅ ሐሜት ከሆነ፣ የነገሥታት ታሪክ ሁሉ ሐሜት ነው!

ጊዜውም አይጠብቀንም። ጠላት ሲወጣ የ10 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ከ90 ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለዚህ የሚመጣው ዓመት መጽሔታችን ጥቂት ገጾች ለዚህ ጉዳይ እንዲተው አዘጋጆቹን እለምናለሁ። ሸዋ ሮቢት ገበያ የሚገናኘው ሰው አንድ ቋንቋ ብቻ አይናገርም፤ በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በአርጎብኛም፣ በአፋርኛም የተነገረው ይሰብሰብ። የሰውዬው ስም፣ የሚስቱ ስም፣ የመንደሩ ስም ከተጻፈ ለጊዜው ይበቃል፤ ማስጌጡ ይቆየን። አያት ያለው ተማሪም እስከ ክረምቱ ዕረፍት አይቆይ። ይልቁንም እናንተ ሴት ተማሪዎች፣ ሴት አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ ወንዶቹ ጠያቂ አጥተው አያውቁም።