ክርንን ለወጌሻ አትስጡ፤ ወጌሻውን ግን አታሳድዱ

መንዝ ውስጥ ልጅ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚጠራው ሐኪም አይደለም፣ ወጌሻ ነው። ከካብ ላይ ቢንሸራተት፣ ከፈረስ ቢወረወር፣ ባሕር ዛፍ ላይ ወጥቶ ቅርንጫፉ ቢከዳው፣ ጎረቤት ይላክና ወጌሻው ይመጣል። ይህን ድንቁርና ነው ብለው የሚያልፉት የከተማ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ተሳስተዋል። ወጌሻው ቅርብ ነው፣ ሌሊትም ይመጣል፣ ለክፍያው ይታገሣል፣ የብዙ ሰው ወለምታና ቀላል ስብራትም በእጁ ድኗል። ጣጣው የሚመጣው በቁርጭምጭሚትና በጣት ያተረፈውን ስም ይዞ ወደ ክርን ሲሻገር ነው።

ክርን ሦስት አጥንቶች የሚገጥሙበት ቦታ ነው። አንዱ ከትከሻ ይወርዳል፣ ሁለቱ ከታች ወደ አንጓ ይሄዳሉ። እጅ የሚታጠፈውና የሚዘረጋው፣ መዳፍም የሚገለበጠው በዚህ መጋጠሚያ ጭምር ነው። ከላይ የሚወርደው አጥንት ክርን ጋ ሊደርስ ሲል ከፊትም ከኋላም ይሰረጉድና ይሳሳል። ልጅ እጁን ዘርግቶ ሲወድቅ የሚሰበረው እዚያ ሲሆን፣ በብዛት የሚታየውም ከ5 እስከ 7 ዓመት ባሉት ላይ ነው። መንዝ ላይ ይህ ዕድሜ በግ መጠበቅ የሚጀመርበት ነው።

ከዚያ ስስ አጥንት ፊት ለፊት ክንድን የሚመግበው ዋናው የደም ሥር ያልፋል፤ ወደ ጣቶች የሚወርድ ነርቭም አብሮት አለ። ከኋላ በውስጥ በኩል ደግሞ ሌላ ነርቭ ከቆዳ ሥር ተጋልጦ ያልፋል። ክርናችን የበር ጠርዝ ሲነካው እስከ ትንሿ ጣት የሚነዝረን እሱ ነው። ስለዚህ የተሰበረው አጥንት ከቦታው ሲሸሽ የደም ሥሩን ሊቆነጥጥ፣ ነርቩን ሊወጥር ይችላል። ክርኑ በሰዓታት ውስጥ ያብጣል። ያበጠ ክርን ላይ ስንጥር ተደርድሮ በጨርቅ ጥፍር ተደርጎ ሲታሰር፣ እብጠቱ ወደ ውጭ መሄጃ ያጣና ወደ ውስጥ ይጫናል። ደም ያጣ ጡንቻ ስድስት ሰዓት ያህል ከቆየ አይመለስም። ከዚያ በኋላ ወይ ጣቶቹ እንደ ጥፍር ታጥፈው ዕድሜ ልክ ይቀራሉ፣ ወይ እጁ ጠቁሮ ጋንግሪን ይሆንና ይቆረጣል።

ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ያለቅሳል። «አጥንቱ ሲገጥም ነው፣ ታገስ» ይባላል። ከታሰረ በኋላ እየባሰ የሚሄድ ሕመም፣ ጣቱን ሲዘረጉለት የሚያስጮኸው፣ ቀዝቃዛና የደነዘዘ እጅ የመግጠም ምልክት አይደለም። ማሰሪያው በዚያው ሌሊት መፈታት አለበት።

ይህ የባህል ሕክምና ብቻ ኃጢአት እንዳይመስል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1881 ሪቻርድ ፎን ፎልክማን የተባለው ጀርመናዊ ቀዶ ሐኪም ይህን የእጅ መኮማተር ሲገልጽ ምክንያት ያደረገው አጥብቆ የታሰረ ፋሻን ነበር። ፋሻውን ያሰሩት ደግሞ መንዜ ወጌሻዎች አልነበሩም። ዛሬም ባበጠ ክርን ላይ ዙሪያውን የተደፈነ ጀሶ የሚያደርግ ባለሙያ ያንኑ ጥፋት ይፈጽማል።

ሁለተኛው ጥፋት መታሸት ነው። የተሰበረ ወይም የወለቀ ክርን በቅቤ በየቀኑ ሲታሽ፣ ጡንቻው ውስጥ አጥንት የሚበቅልበት ጊዜ አለ። ያኔ ክርኑ ይደነድናል፣ ጉርሻም አፍ አይደርስም። ባና ስትፈትል ውላ ክርኗን በውጭ በኩል የሚያማት እናት ሌላ ነገር ነው፤ እሷ የሚያስፈልጋት ማረፍ ነው። በእጁ ተጎትቶ ክርኑ የወጣ ሕፃንም ብዙ ጊዜ በአንድ ረጋ ያለ እንቅስቃሴ ይመለስለታል። ወድቆ ያበጠ ክርን ግን ራጅ ሳይነሳ አይነካም።

እዚህ ላይ ሁለት ወገን ይጮኻል። አንዱ «ወጌሻ ይታሰር» ይላል። ቢታሰር ልጁ በማን ይታያል? መሐል ሜዳ ሆስፒታል አላት፣ እሰየው። ነገር ግን ከቦታው የሸሸ የክርን ስብራት ተስተካክሎ በሽቦ መያዝ አለበት፤ ይህም ሙያውን የያዘ እጅና በራጅ እያዩ የሚሠሩበት ክፍል ይጠይቃል። ያ ካልተገኘ ሪፈር ይጻፋል። መሐል ሜዳ ከአዲስ አበባ 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 130 ላይ ነው። የቀረውን እየቀነሱ ከስድስቱ ሰዓት ጋር ማስተያየት ነው፤ ያውም መኪና ሲገኝ፣ መንገዱም ሰላም ሲሆን።

ሌላው ወገን «ባህላችንን አትንኩብን» ይላል። የሕፃን እጅ የሚከራከሩበት ቅርስ አይደለም። አባቶቻችን ያልነበራቸውን ራጅ አለመጠቀም አባቶችን ማክበር አይሆንም።

መፍትሔው ደግሞ እዚሁ አገር ተሞክሯል። ጉራጌ ውስጥ ወልቂጤ አጠገብ ያለው አጣጥ ሆስፒታል በዙሪያው ያሉ ወጌሻዎችን ሰብስቦ የአንድ ቀን ትምህርት ሰጣቸው። ከዚያ በኋላ በማሰሪያ ሳቢያ የሚቆረጡ እጅና እግሮች በግልጽ ቀነሱ፣ ውጤቱም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 በአጥንት ቀዶ ሕክምና መጽሔት ታተመ። አንድ ቀን! በየወረዳው ለአበል የሚወጣውን የስብሰባ ቀን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ቢበሳጭ አይፈረድበትም።

መንግሥት ሲፈልግ ይችላል። ወላድ እናት ቤቷ እንዳትወልድ አምቡላንስ ተመድቧል፣ በጤና ጣቢያ የእናቶች ማቆያ ተሠርቷል፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በር ለበር ዞራለች። ለተሰበረ ልጅ ግን ይህን ያህል የደከመ የለም፤ የተሰበረ አጥንት በሪፖርት ቅጹ ላይ እንደ እናት ሞት አያስጠይቅማ።

የሰሜን ሸዋ ዞን ጤና መምሪያ የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ወጌሻዎችን በስም መዝግቦ አንድ ቀን ያስተምራቸው። ያበጠ ክርን አይታሽም፣ ዙሪያውን አይታሰርም፤ ባለበት ሁኔታ በነጠላ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ በዚያው ዕለት ይላካል። ወጌሻው የሚልክበት ወረቀትም ይሰጠው። ልጁን ይዞ ሲመጣ በር ላይ ያለው ባለሙያ «ማን ንካው አለህ?» ብሎ የሚያመናጭቀው ከሆነ፣ ቀጣዩን ልጅ ይዞ አይመጣም።