እምቦጭን ስለ ማረም

በዚህ ዓምድ ዘወትር የምናነሣው ስለ ቤት አያያዝ፣ ስለ ጓሮና ስለ ልጆች አስተዳደግ ነው። ዛሬ ስለ አንድ የውሃ አረም ለመጻፍ ስንነሣ ከመንገዳችን የወጣን የሚመስላቸው አንባቢዎች ይኖሩ ይሆናል። ነገር ግን በጣና ዳር ለሚኖረው ባላገር ሐይቁ ጓሮው ነው፤ የሚጠጣው ውሃ፣ የሚበላው ዓሣ፣ ከብቱ የሚግጠው ሣር፣ ታንኳው የሚታሰርበት ደንገል ሁሉ የሚገኘው ከዚያው ነው። የጓሮ ነገር ከሆነ ደግሞ ከዓምዳችን አይርቅም።

እምቦጭ የሚባለው ተክል የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ የአማዞን ወንዝ አካባቢ ነው። ወደ ሌላው ዓለም የተሰራጨው በመልኩ ምክንያት ነው፤ ሐምራዊ አበባውን የወደዱ ሰዎች ለኩሬ ጌጥ ይሆናል ብለው ከአገር ወደ አገር ወሰዱት። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።) በ1958 በሱዳን በነጭ ዓባይ ላይ ታየ፤ በ1965 በአገራችን በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ መኖሩ ተመዘገበ። በጣና ላይ መኖሩ በይፋ የታወቀው ግን በ2011 ሲሆን፣ ይኸውም በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ የመገጭ ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት በደምቢያ ዳርቻ ነው። ከዚያም በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ዳርቻ ተስፋፋ።

ጠባዩን ያላወቀ ሰው ሊያርመው አይችልም። የቅጠሉ አንገት በአየር የተነፋ ስለሆነ ተክሉ ሥሩን ከጭቃ ሳይተክል ይንሳፈፋል፤ ነፋስ ወደ ነዳውም ይሄዳል። ከእናቲቱ ጎን እንደ ገመድ ያለ ቀጭን ግንድ ይወጣና በጫፉ ልጅ ትበቅላለች፤ ልጅቱም በተራዋ ትወልዳለች። ሙቀትና ምግብ ከተስማማው በሁለት ሳምንት ገደማ ቁጥሩ እጥፍ ይሆናል። ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆቻችሁ በደብተራቸው ላይ ያስሉላችሁ፤ በመስከረም አጋማሽ ከአራሚ እጅ ያመለጠች አንዲት ተክል ማንም ሳይነካት ብትቆይ በየካቲት መጀመሪያ 1024 ትሆናለች። በዚህ ላይ ዘሩ አለ። ዘሩ ከሐይቁ በታች ጭቃ ውስጥ ገብቶ እስከ 20 ዓመት ድረስ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል።

በውሃው ላይ እንደ ምንጣፍ በተኛ ጊዜ ብርሃንና አየር ይከለክላል። ቀረሶ የሚራባው ጥልቀት በሌለው በዳርቻው ውሃ ነው፤ ዳርቻው ደግሞ እምቦጭ የሚወደው ስፍራ ነው። ነጭ ዓሣ የሚባሉትም፣ ብዙዎቹ ዓይነቶቻቸው ከጣና በቀር በዓለም ላይ የማይገኙ ሲሆኑ፣ በክረምት እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ገባር ወንዞች የሚወጡ አሉባቸው፤ አረሙ መንገዳቸውን ይዘጋባቸዋል። መረቡን የጣለ ዓሣ አጥማጅ ከዓሣ ይልቅ አረም ይጎትታል። ከጥንት ጀምሮ ደንገል አጭደው ታንኳ በመሥራት የታወቁት የነገደ ወይጦ ሰዎችም ታንኳቸው በእምቦጩ መካከል መሄጃ አታገኝም። ከብት ቢበላው ከክብደቱ ከመቶ እጅ ዘጠና የማያንሰው ውሃ ስለሆነ ሆድ ሞልቶ ጉልበት የማይሰጥ መኖ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ባሕር ሸሽ የሚባለው መሬት ነገር ነው። የጣና ውሃ በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሰኔ ድረስ እየቀነሰ ይሸሻል። ገበሬውም ውሃው የለቀቀለትን እርጥብ መሬት ተከትሎ ይዘራል። እምቦጭ ከመጣ ወዲህ ውሃው ሲሸሽ አረሙን በእርሻው ላይ አስተኝቶ ይሄዳል፤ ገበሬው ዘሩን ሳይበትን የሰው አገር አረም ሲያነሣ የእርጥበቱ ጊዜ ያልፍበታል።

የአካባቢው ሰው እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ወንዱም ሴቱም እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ እየገባ በእጁ ነቅሏል፤ በ2020 በጥቅምት ወር የአንድ ወር ዘመቻ ታውጆ ብዙ ሕዝብ ወጥቷል። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም ገንዘብ አዋጥተው የማጨጃ ማሽን ልከዋል። ማሽኑ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን በሰሜን ምሥራቅ ያለው ዳርቻ ጥልቀት የሌለውና ጭቃ ስለሆነ እንደ ልብ አይጠጋም። (የመለዋወጫውን ነገር አለማንሣት ይሻላል።) እኛ የሰውን ድካም ከማንም ይልቅ እናደንቃለን፤ ሆኖም የምንናገረው አንድ ነገር አለን። እስካሁን ጣና የታረመው በደቦ ነው።

ደቦን የማያውቅ አንባቢ የለንም። ባለ እርሻው ጠላ ጠምቆ፣ እንጀራ አስጋግሮ ጎረቤቱን ይጠራል፤ በዘፈንና በሽለላ በአንድ ቀን ብዙ ሥራ ይሠራል፤ ማታ ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል። ይህ ለአጨዳ መልካም ነው፤ የታጨደ እህል ነገ አይበቅልምና። ለአረም ግን ገበሬው የሚመርጠው ወንፈልን ነው፤ ሦስት አራት ጎረቤታሞች ዛሬ ያንተን፣ ነገ የእኔን እያሉ በተራ ይዞራሉ፤ ድግሱ ትንሽ ነው፣ ተራው ግን አይቋረጥም። ጤፉን አንድ ጊዜ አርሞ የተወ ገበሬ ምን እንደሚያጭድ እናውቃለን። በየሁለት ሳምንቱ እጥፍ የሚሆን አረም በዓመት አንድ ወር ቢታረም ቀሪው ዐሥራ አንድ ወር የእርሱ ነው።

የጎረቤቶቻችን የቪክቶርያ ሐይቅ ታሪክ ይህንኑ ያሳያል። እምቦጭ በዚያ በ1980ዎቹ መጨረሻ ታይቶ በ1998 ገደማ እጅግ በዝቶ ነበር። ቅጠሉን የሚበሉ ነቀዝ መሰል ጥንዚዛዎች በ1995 በኡጋንዳ፣ በ1997 በኬንያና በታንዛንያ ተለቀቁ፤ የ1997 እና የ1998 ከባድ ዝናብና ማዕበልም አገዛቸው፤ አረሙም በጥቂት ዓመት ውስጥ እጅግ ቀነሰ። ሰዎቹ ግን እፎይ እንዳሉ በኪሱሙ በኩል ባለው በዊናም ባሕረ ሰላጤ ተመልሶ መጣ፤ ዘሩ ከጭቃው፣ ምግቡም ከወንዞቹ አልጠፋምና። ጥንዚዛው ብርድ እንደማይስማማውም አንርሳ፤ ቪክቶርያ ከባሕር ወለል በላይ 1134 ሜትር ሲሆን የእኛ ጣና 1786 ሜትር ነው።

የወንዞቹን ምግብ ካነሣን ዘንድ ነገሩ ከዳርቻው ሰው ጋር ብቻ አይቀርም። እምቦጭ አስቀድሞ በመገጭ አፍ መታየቱን ከላይ ተናግረናል። የጎንደርን ከተማ እጣቢ የሚያጥቡት ቀሃና አንገረብ የሚገቡት ወደ መገጭ ነው። ጎንደር ያለች እመቤት በቦይ ያፈሰሰችው የሳሙና ውሃ፣ ያለ ጉድጓድ የቀረ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ፣ ከኮረብታው የተጠረገው አፈር ሁሉ ወርዶ አረሙን ይቀልበዋል። በፎገራም ርብና ጉማራ የሚያጠጡት ሜዳ ሩዝ ማብቀል ከጀመረ ወዲህ ከማሳው ታጥቦ የሚወርድ ማዳበሪያ ለሩዙ እንደሚስማማ ሁሉ ለእምቦጩም ይስማማል። ሩዙን አትዝሩ ለማለት አይደለም፤ ማዳበሪያውን በመጠንና በጊዜው፣ ጎርፍ በማይወስድበት ቀን መበተን ለገበሬውም ኪስ ይበጃል።

እንግዲህ ወንፈሉ እንዴት ይሁን ለሚለን፣ እያንዳንዱ መንደር የራሱን ዳርቻ በቤተሰብ ይከፋፈል፤ ከሁለት ሳምንት ሳያሳልፍ በተራ ይውጣ፤ ሐምራዊው አበባ ሳይፈነዳ ይንቀል፤ አበባው ዘር ሆኖ ከወደቀ ቆይቷልና። ልጆች ለጨዋታ ብለው አበባውን ወደ ሌላ ኩሬ እንዳይወስዱ እናቶች ይጠብቁ። ታንኳና መረብ ከአንድ ስፍራ ወደ ሌላ ሲሄድ የተጣበቀበት ይራገፍ። የተነቀለው በውሃው ዳር ተከምሮ ሲቀር ግን ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው፤ በክረምት ሐይቁ ከፍ ብሎ ክምሩን አንሥቶ ይወስደዋል። ክምሩ ውሃው በመስከረም ከሚደርስበት በላይ ወጥቶ ይድረቅ፤ አንድ ኩንታል እርጥብ እምቦጭ ቢደርቅ ከዐሥር ኪሎ ስለማይበልጥ ከዚያ በኋላ ማጓጓዙ ቀላል ነው። ውሃው እስከ የት እንደሚደርስ በየመንደሩ ያሉ ሽማግሌዎች ዛፉንና ድንጋዩን እየጠቀሱ ያሳያሉ፤ የመጀመሪያው ሸክም ከመውጣቱ በፊት እነርሱን መጠየቅ ነው።